ድንበር የተሻገረ መኪና፦ በአሜሪካ የተሽከርካሪ ምዝገባ ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ አንድ ሰው ከሚኖርበት ግዛት ውጭ መኪና ገዝቶ ሲመለስ፣ መኪናው በገንዘቡ የገዛው የራሱ ንብረት ቢሆንም፣ የሚኖርበት ግዛት መዝገብ ቤት እስኪቀበለው ድረስ በሕግ ፊት ገና ያልታወቀ ተሽከርካሪ ሆኖ ይቆያል። ታርጋ ለማውጣት የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው፤ ሻጩ ከነበረበት ግዛት የተሰጠ የባለቤትነት ማረጋገጫ፣ የሽያጭ ውል፣ የመድን ማስረጃ፣ የማይል ቆጣሪው ንባብ፣ የግብር ክፍያ፣ በአንዳንድ ግዛቶችም የቴክኒክና የጭስ ምርመራ ውጤት ይጠየቃል። ይህ ሁሉ አንድ ሕግ አውጪ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያሰናዳው ሊመስል ይችላል፤ እውነታው ግን እያንዳንዱ ወረቀት የተወለደበት የራሱ ዘመንና የወለደው የራሱ ችግር ያለው መሆኑ ነው። የዚህ ምዝገባ ታሪክ በመሠረቱ ግዛቶቹ አንዱ የሌላውን ወረቀት ማመን ቀስ በቀስ የተማሩበት ታሪክ ሲሆን፣ መተማመኑ በጎደለበት ቦታ ሁሉ ወይ ሌባ ተጠቅሞበታል፣ ወይም ከሌላ ግዛት የመጣው ሰው ያለአግባብ ከፍሎበታል።

ለዚህ ታሪክ መነሻ የሚሆነው የአገሪቱ የመንግሥት አወቃቀር ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል መንግሥት የግል መኪናዎችን አይመዘግብም፣ ታርጋም አይሰጥም፤ ይህ ሥልጣን ከመኪና መፈጠር ጀምሮ የግዛቶቹ ሆኖ የቆየ በመሆኑ፣ በአንድ አገር ውስጥ ሃምሳ የግዛት መዝገብ ቤቶችና የዋና ከተማዋ የዋሽንግተን ዲሲ መዝገብ ቤት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ደንብ ይሠራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታርጋ አጀማመር

ተሽከርካሪን በታርጋ የመለየት ልማድ ከአሜሪካ በፊት በፈረንሳይ የታየ ሲሆን፣ የፓሪስ ፖሊስ በኦገስት 1893 ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ባለሞተር ተሽከርካሪ የባለቤቱን ስምና አድራሻ እንዲሁም የፈቃዱን ቁጥር የያዘ ሰሌዳ እንዲለጥፍ አዝዞ ነበር። በአሜሪካ የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው የኒው ዮርክ ግዛት ነው። አገረ ገዥው ቤንጃሚን ኦዴል በኤፕሪል 1901 የፈረሙት ሕግ ማንኛውም ባለመኪና ስሙንና አድራሻውን ከተሽከርካሪው መግለጫ ጋር አስመዝግቦ 1 ዶላር እንዲከፍል፣ የስሙንም የመጀመሪያ ፊደላት ከመኪናው ኋላ በጉልህ እንዲያኖር ያስገድድ ነበር። ግዛቱ ራሱ ታርጋ ስለማይሰጥ አንዱ በቆዳ ቁራጭ ላይ የብረት ፊደላት ያስመታ፣ ሌላው በእንጨት ላይ በቀለም ያጽፍ፣ ሦስተኛውም በመኪናው አካል ላይ በቀጥታ ይጽፍ ነበር። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች 954 ብቻ ስለነበሩ አሠራሩ ለጊዜው የሚያስቸግር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት አንድ የሆኑ ሰዎች መብዛታቸው ስለማይቀር ኒው ዮርክ ሁለት ዓመት ቆይታ ፊደላቱን በቁጥር ተካች።

ታርጋን ራሱ ሠርቶ በማደል ቀዳሚ የሆነው የማሳቹሴትስ ግዛት ሲሆን፣ በ1903 ለባለመኪናዎች ያከፋፈለው ሰሌዳ በብረት ላይ የተጋገረ ሰማያዊ ልባጥና ነጭ ቁጥር ያለው፣ ከላይ በኩል የግዛቱን ስም በአጭሩ የያዘ ነበር። ይህ ለውጥ ከመልክ ለውጥ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ባለቤቱ ለራሱ ያሠራው ሰሌዳ የሚናገረው የባለቤቱን ማንነት ብቻ ሲሆን፣ ግዛቱ የሰጠው ሰሌዳ ግን መኪናው በየትኛው ግዛት መዝገብ ውስጥ እንዳለ ጭምር ይናገራል። ታርጋው የግዛትን ስም መሸከም ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከሌላ ግዛት የመጣ መኪና በሩቅ የሚለይ ሆነ፤ የግዛቶች ውዝግብም የጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው።

ለእንግዳ መኪና የተዘጋ መንገድ

በ1900 በመላው አገሪቱ 8,000 ያህል ብቻ የነበረው የተሽከርካሪ ቁጥር በ1910 ከ468,000 በላይ፣ በ1920 ደግሞ ከ9.2 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በፈረስና በጋሪ ዘመን የተጠረጉት መንገዶች ይህን ጫና መሸከም ስላልቻሉ ግዛቶቹ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከባለመኪናዎች በምዝገባ ክፍያ መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚህም የሚከተለው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ በአንዱ ግዛት ከፍሎ የተመዘገበ ሰው የሌላውን ግዛት መንገድ ሲረግጥ እንደገና መመዝገብና እንደገና መክፈል አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሜሪላንድ በሚያስገባ መንገድ ላይ በተፈጠረ ጉዳይ ነው። በጁላይ 1910 አንድ የዋሽንግተን ነዋሪ መኪናውን እየነዳ ወደ ሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሲገባ የሜሪላንድ ምዝገባ የለህም ተብሎ ተያዘና ተቀጣ። የሜሪላንድ ሕግ የምዝገባውን ክፍያ በሞተሩ የፈረስ ጉልበት ልክ በ6፣ በ12 እና በ18 ዶላር የወሰነ ሲሆን፣ ከሌሎች ግዛቶች ለሚመጡ መኪናዎች ለአጭር ጊዜ ያለ ክፍያ የመንዳት መብት ቢሰጥም የዋሽንግተን ነዋሪዎችን በዚህ መብት አላካተተም ነበር። ተከሳሹ የአንድ አገር ዜጋ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በነፃነት የመዘዋወር መብት እንዳለው ቢከራከርም፣ በሕግ መጻሕፍት "ሄንድሪክ በሜሪላንድ ላይ" በሚል ርእስ የሚታወቀው ይህ ክርክር በ1915 በግዛቱ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጄምስ ማክሬይኖልድስ ነበሩ፤ መኪና በመንገድ ላይ ለሕዝብ አደጋ የሚያመጣና መንገድንም የሚጎዳ ተሽከርካሪ በመሆኑ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በጉዳዩ ላይ ሕግ እስካላወጣ ድረስ ግዛቱ እንግዳውንም ጭምር የማስመዝገብና ተመጣጣኝ ክፍያ የመጠየቅ ሥልጣን አለው የሚል ነበር የውሳኔው ፍሬ ነገር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1916፣ ይኸው አቋም በኒው ጀርሲ ጉዳይ ተጠናከረ። ኒው ጀርሲ ከሌላ ግዛት የሚመጣ አሽከርካሪ ከመመዝገብ ሌላ፣ በግዛቱ ውስጥ አደጋ አድርሶ ቢከሰስ መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል አድርጎ የግዛቱን ዋና ጸሐፊ እንዲሾም ታስገድድ ነበር። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ ለመጠየቅ ድንበር ተሻግሮ ባለመኪናውን እንዳያሳድድ ታስቦ የተደረገ ነው፤ ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ በጻፉት ውሳኔም ግዴታው ተገቢ ሆኖ ጸና።

ፍርዱ በሕግ ረገድ የጸና ይሁን እንጂ በተግባር ያስከተለው እንግልት ከባድ ነበር። በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲና በፔንስልቬንያ መካከል የሚመላለስ ባለመኪና ሁለትና ሦስት ታርጋ ደራርቦ የሚነዳበት ጊዜ ነበር። ይህን ያቀለለው የግዛቶቹ የራሳቸው ጥቅም ነው፤ አንዱ ግዛት የሌላውን ሰው ሲያስከፍል ሌላውም በአጸፋው የእርሱን ሰው ስለሚያስከፍል፣ በመጨረሻ ሁሉም የሌላውን ታርጋ እንደ ራሳቸው ለመቀበል ሕግ አወጡ። እርስ በርስ እውቅና የመሰጣጠት የሚባለው ይህ አሠራር የዛሬው ደንብ መሠረት ነው። ይሁንና እውቅናው የተሰጠው ለአላፊ እንግዳ ብቻ ነበር። መኪናው በቋሚነት የሚያድርበት ቦታ በግዛቱ ውስጥ ከሆነ ወይም ባለቤቱ የግዛቱ ነዋሪ ከሆነ እውቅናው ያበቃል፤ አዲስ ምዝገባም ግዴታ ይሆናል። ከሌላ ግዛት መኪና ገዝቶ የሚመለስ ነዋሪ የእንግዳ መብት የማያገኘውና ወደ መዝገብ ቤት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌብነትና የባለቤትነት ደብተር

የመጀመሪያው ዘመን ምዝገባ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። መዝገቡ የሚያረጋግጠው ማን ከፍሎ ታርጋ እንዳወጣ እንጂ መኪናው በእርግጥ የማን እንደሆነ አልነበረም። የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ሁለት ነገሮች ዛሬ በሁለት ወረቀት ይለያቸዋል፤ "ሬጅስትሬሽን" የሚባለው መኪናው በመንገድ ላይ እንዲነዳ የተሰጠ፣ በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ሲሆን፣ "ታይትል" የሚባለው ደግሞ መኪናው የእገሌ ንብረት መሆኑን የሚመሰክር የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። በኢትዮጵያ ባለመኪና ዘንድ ሊብሬ የሚባለው ደብተር የሚሠራውን ሥራ በአሜሪካ በዋናነት የሚሠራው ታይትሉ ሲሆን፣ ሬጅስትሬሽኑ በየዓመቱ ከሚለጠፈው ቦሎ ጋር ይቀራረባል።

ታይትልን የወለደው የመኪና ሌብነት ነው። በአንዱ ግዛት የተሰረቀ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንበር ሲሻገር፣ የተሰረቀበት ግዛት ፖሊስ ሥልጣኑ በድንበሩ ላይ ያበቃል፤ የደረሰበት ግዛት መዝገብ ቤት ደግሞ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ አዲስ ታርጋ ይሰጣል። ኮንግረስ በ1919 ያጸደቀውና በአመንጪው በሚዙሪው ተወካይ በሊዮኒዳስ ዳየር ስም የሚጠራው ሕግ የተሰረቀ መኪናን እያወቁ ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝን የፌዴራል ወንጀል አደረገው። ሕጉ ሌባውን ድንበር ተሻግሮ ለማሳደድ ቢያስችልም፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት የቆመው ሰው እውነተኛ ባለቤት መሆን አለመሆኑን ለመለየት ግን አይረዳም ነበር።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር በ1924 የጠሩት ብሔራዊ የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ በ1926 አንድ ወጥ የሞዴል ሕግ አጸደቀ። የሞዴል ሕግ ማለት በራሱ የማያስገድድ፣ ግዛቶች እንዳለ ወይም አሻሽለው እንዲያጸድቁት የሚቀርብ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ስለ ምዝገባና ስለ መንጃ ፈቃድ ከሚናገሩት ክፍሎቹ ሌላ ስለ መኪና ስርቆት መከላከያ የሚናገር ክፍል ነበረው፤ ማንኛውም መኪና ሲሸጥ የቀድሞው ታይትል ለገዢው ተላልፎ፣ ገዢውም ለመዝገብ ቤቱ አስረክቦ አዲስ እንዲያወጣ ያዝዛል። ከሌላ ግዛት የተገዛ መኪና ሲመዘገብ የቆየው ታይትል በመዝገብ ቤቱ ተወስዶ የሚቀረውና ለአንድ መኪና በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ታይትል እንዳይኖር የሚደረገው በዚህ መርህ ነው።

ታይትሉ በባንክና በአበዳሪ ዘንድም ትልቅ ዋጋ ያገኘው በዚያው ዘመን ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 የራሱን የብድር ድርጅት አቋቁሞ መኪናን በየወሩ ክፍያ መሸጥ ከጀመረ በኋላ፣ ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ መኪናው በመያዣነት የሚቆይበትን መብት በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር አስፈላጊ ሆነ። በዛሬው ታይትል ፊት ላይ የአበዳሪው ስምና ብድሩ የተመዘገበበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ብድሩ ሲያልቅ አበዳሪው የሚሰጠው የማስለቀቂያ ማስረጃ ከሌለ መኪናው በንጹሕ ስም አይተላለፍም። ከሌላ ግዛት መኪና የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት የሚጠብቀው የሻጩ ዕዳ ተዘግቶ ታይትሉ ከአበዳሪው እጅ እስኪመለስ ነው።

የሥርዓቱ ድክመት ሁሉም ግዛቶች በአንድ ጊዜ አለመግባታቸው ነበር። አንዳንድ ግዛቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ታይትል፣ በሽያጭ ደረሰኝ ብቻ ሲያስመዘግቡ ቆዩ። ዕዳ ያለበት ወይም የተሰረቀ መኪና ወደ እንዲህ ያለው ግዛት ተወስዶ በደረሰኝ ከተመዘገበ በኋላ፣ ከዚያ የወጣውን ንጹሕ ወረቀት ይዞ ወደ ሦስተኛ ግዛት መሻገር ይቻል ነበር። የአንድ ወጥ ሕጎች ኮሚሽን በ1955 አዲስ የሞዴል ሕግ ቢያቀርብም አፈጻጸሙ አዝጋሚ ነበር። ኒው ዮርክ በምዝገባ ከሁሉ ቀዳሚ ሆና ሳለ ታይትል የምትሰጠው የ1973 ሞዴልና ከዚያ በኋላ ለተሠሩ መኪናዎች ነው፤ አላባማም የጀመረችው ከ1975 ሞዴል ነው። አንድ ግዛት ብቻውን የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ጎረቤቱ እስካልተጠነቀቀ ድረስ መዝገቡ አስተማማኝ ሊሆን እንደማይችል ይህ ዘመን በግልጽ አሳይቷል።

በብረት ላይ የታተመ ማንነት

ወረቀት ሊጭበረበር ስለሚችል የመኪናውን ማንነት ከወረቀቱ ወደ ብረቱ ማዛወር ተከታዩ እርምጃ ሆነ። ኢትዮጵያውያን ባለመኪናዎች የሻንሲ ቁጥር የሚሉት መለያ በአሜሪካ ፋብሪካዎች በሰፊው መታተም የጀመረው ከ1954 ወዲህ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ርዝመትና በራሱ ስልት ይጽፍ ስለነበር አንዱ ግዛት የሌላውን መዝገብ አንብቦ ማነጻጸር ይቸግረው ነበር። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ በሁሉም ዘንድ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት እንዲሆን አዘዘ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገርና ፋብሪካን፣ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት፣ አሥራ አንደኛው መኪናው የተገጣጠመበትን ቦታ ያመለክታሉ፤ ዘጠነኛው ደግሞ ከሌሎቹ በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ በመሆኑ አንድ ፊደል ተሳስቶ ወይም ሆን ተብሎ ተለውጦ ቢጻፍ ስሌቱ ይፋለሳል። ከአኃዞቹ አንድና ዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። በብዙ ግዛቶች ከሌላ ግዛት የመጣ መኪና ሲመዘገብ አንድ የተፈቀደለት ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ በነጂው በኩል ባለው የፊት መስታወት ሥር የሚታየውን ቁጥር፣ በነጂው በር ምሰሶ ላይ ካለው ተለጣፊና ከታይትሉ ጋር ፊደል በፊደል የሚያስተያየው ለዚህ ነው።

የታርጋው መጠንም ወጥ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወስዷል። እያንዳንዱ ግዛት በፈለገው መጠን ያሠራ የነበረው ታርጋ በ1950ዎቹ አጋማሽ በመኪና አምራቾችና በ1933 በተመሠረተው የግዛት መዝገብ ቤቶች ማኅበር ስምምነት 12 ኢንች በ6 ኢንች ሆኖ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ በአንድ ግዛት የተሸጠ መኪና የሌላውን ግዛት ታርጋ በዚያው የመግጠሚያ ቦታ ላይ መቀበል ቻለ።

ሌላው የማጭበርበሪያ መንገድ የማይል ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ብዙ ርቀት የተነዳ መኪና ቆጣሪው ተመልሶ ታሪኩን ወደማያውቅ ግዛት ሲሻገር በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር፣ ኮንግረስ በ1972 ድርጊቱን በፌዴራል ሕግ ከለከለ፣ በ1986 ደግሞ ሻጩ የቆጣሪውን ንባብ በታይትሉ ላይ ጽፎ እንዲፈርም አስገደደ። በ1992 የወጣው የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግም የግዛቶቹን መዝገቦች የሚያገናኝ ብሔራዊ የመረጃ ቋት እንዲቋቋም አዘዘ። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀ በኋላ ውኃ የገባባቸው መኪናዎች ጉዳታቸው በማይጻፍበት ግዛት እንደገና ተመዝግበው በንጹሕ ታይትል መሸጣቸው የዚህን ቋት አስፈላጊነት አጉልቶ አሳየ፤ ለተራው ገዢ ክፍት የሆነው ግን በ2009 ነው። ሕጉ ከወጣ እስከዚያ ድረስ ያለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት ግዛቶች መዝገባቸውን ለማገናኘት ምን ያህል እንደዘገዩ ያሳያሉ።

ግብር እና መጤ

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ ከመዝገብ ቤት መስኮት ሲቀርብ የሚያስደነግጠው ነገር ብዙውን ጊዜ ግብሩ ነው። የዚህ ግብር መነሻ የ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። ባዶ የቀረ ካዝናቸውን ለመሙላት ግዛቶች በችርቻሮ ዕቃ ላይ የሽያጭ ግብር ሲጥሉ፣ ነዋሪዎቻቸው ግብር ወደሌለበት ጎረቤት ግዛት ተሻግረው መግዛት ጀመሩ፤ በዚህም የግዛቱ ነጋዴ ገበያውን፣ ግዛቱም ግብሩን አጣ። መፍትሔ ሆኖ የተፈጠረው የመጠቀሚያ ግብር ነው፤ ዕቃው የትም ይገዛ የት፣ በግዛቱ ውስጥ ጥቅም ላይ ሲውል ከሽያጭ ግብሩ ጋር እኩል የሆነ ግብር ይከፈልበታል ማለት ነው። የዋሽንግተን ግዛት በ1935 ያወጣው የ2 በመቶ የመጠቀሚያ ግብር፣ ለግራንድ ኩሊ ግድብ ሥራ ከሌሎች ግዛቶች በተገዙ መሣሪያዎች ምክንያት ለክርክር ቀርቦ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 በዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ጸሐፊነት ሕጋዊ ነው ሲል ወሰነ። የውሳኔው አስኳል እኩልነት ነበር፤ በሌላ ግዛት የተከፈለ ግብር ስለሚቀነስ፣ ከውጭ የገዛውም ከውስጥ የገዛውም በመጨረሻ የሚሸከሙት ጫና አንድ ነው።

ዕቃ ሁሉ በድብቅ ድንበር ሊሻገር ቢችልም መኪና ግን ያለ ታርጋ አይነዳም። በመሆኑም ግዛቶች የመጠቀሚያ ግብርን በተሟላ ሁኔታ መሰብሰብ የቻሉት ከመኪና ነው። ሥልጣኑ በእጃቸው በመሆኑም አንዳንዶቹ ከእኩልነት ድንበር አልፈው ሄዱ። የቨርሞንት ግዛት ሕግ ነዋሪዋ በሌላ ግዛት ገዝቶ የከፈለውን ግብር ይቀንስለት ነበር፤ መኪናውን በገዛ ጊዜ የሌላ ግዛት ነዋሪ የነበረና ኋላ ወደ ቨርሞንት የተዛወረ ሰው ግን ይህን መብት አያገኝም። በዲሴምበር 1980 ኢሊኖይ ውስጥ አዲስ መኪና ገዝቶ 5 በመቶ ግብር የከፈለ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ወደ ቨርሞንት ተዛውሮ ሲመዘገብ ግብሩን በሙሉ እንደገና እንዲከፍል ተጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 በዳኛ ባይረን ዋይት አማካይነት በሰጠው ውሳኔ፣ ሁለቱም ሰዎች አንድ ዓይነት መኪና በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ እየነዱ አንዱ ቀድሞ በመምጣቱ ብቻ የሚጠቀምበት፣ ሌላው ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ የሚጎዳበት ምክንያት የለም በማለት ልዩነቱ የሕግ እኩል ጥበቃን ይጥሳል ሲል ደመደመ።

ይህ ትምህርት ወዲያው በሁሉም ዘንድ አልሰረጸም። ፍሎሪዳ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሌላ ግዛት ተገዝተው ወይም ታይትል ወጥቶላቸው ወደ እርሷ በሚገቡ መኪናዎች ላይ 295 ዶላር ልዩ ክፍያ ጣለች፤ በግዛቷ ውስጥ የተገዛ መኪና ይህን አይከፍልም ነበር። የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ክፍያው የፌዴራል ሕገ መንግሥቱን የግዛቶች የንግድ ነፃነት ድንጋጌ ይጥሳል ብሎ ሻረው። ካሊፎርኒያም ከ1990 ጀምሮ ለእርሷ የጭስ ደረጃ ሳይሠሩ ከሌላ ግዛት በሚመጡ መኪናዎች ላይ 300 ዶላር ስታስከፍል ቆይታ፣ በ1999 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ካለ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የተሰበሰበውን ገንዘብ ለከፋዮቹ ለመመለስ ሕግ ወጣ።

የካሊፎርኒያ ክፍያ ቢሻርም ከበስተጀርባው ያለው የአየር ጥያቄ ግን እውነተኛ ነበር። በሎስ አንጀለስ ሸለቆ የሚታመቀው ጭስ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የባሰ በመሆኑ የፌዴራሉ ሕግ ከ1967 አንሥቶ ካሊፎርኒያ የራሷን ጠበቅ ያለ ደረጃ እንድታወጣ ፈቀደላት፤ በ1977 በተደረገው ማሻሻያም ሌሎች ግዛቶች ይህንኑ ደረጃ እንዲከተሉ ተፈቅዶላቸው ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ከተከታዮቹ መካከል ሆኑ። በዚህም ምክንያት የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከ7,500 ማይል በታች የተነዳና የግዛቷን ደረጃ የማያሟላ መኪና ከውጭ ገዝቶ ቢያስገባ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በክፍያም ቢሆን ማስመዝገብ አይችልም። በዚህ ክልከላና በተሻረው ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ክፍያው መጤውን አስከፍሎ መኪናውን ከነጭሱ ያስገባ ነበር፣ ክልከላው ግን ጭሱን ራሱን ይከላከላል።

በሦስት መዝገብ ቤቶች መካከል

ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድነት የሚታይበት ቦታ ቢፈለግ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚገናኙበት አካባቢ ይገኛል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ የሚኖረውም በዚሁ ነው። በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ከድንበሩ ማዶ የሚሠራ፣ በሌላኛው በኩል ካለ ሻጭ መኪና የሚገዛ ሰው በዚያ ብርቅ አይደለም። ቨርጂኒያ ከ2016 አንሥቶ በመኪና ሽያጭ ላይ 4.15 በመቶ ስታስከፍል፣ ሜሪላንድ ለብዙ ጊዜ 6 በመቶ አስከፍላለች፤ ይሁንና ግብሩ የሚከፈለው መኪናው ለሚመዘገብበት ግዛት በመሆኑ ድንበር ተሻግሮ መግዛት የሜሪላንድን ነዋሪ ከሜሪላንድ ግብር አያድነውም። ያገለገለ መኪና በሜሪላንድ ሲመዘገብ በግዛቱ ፈቃድ ባለው ጋራዥ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ምርመራውን በየዓመቱ ታስደርጋለች፣ ካውንቲዎቿና ከተሞቿም በመኪናው ዋጋ ላይ ዓመታዊ የንብረት ግብር ይጥላሉ። ተዛውሮ የመጣ ነዋሪ ምዝገባውን እንዲያዛውር ቨርጂኒያ 30 ቀን፣ ሜሪላንድ 60 ቀን ይሰጣሉ። ይህን ሳያውቅ በቀድሞው ታርጋ የሚነዳ መጤ መተላለፉ የሚገለጥለት ብዙውን ጊዜ ቅጣቱ ሲደርሰው ነው።

ሥርዓቱ ዛሬም ክፍተት የለውም ማለት አይቻልም። የሽያጭ ግብር በሌላት በሞንታና በስም ብቻ ኩባንያ አቋቁመው ውድ መኪናቸውን በኩባንያው ስም የሚያስመዘግቡ የሌላ ግዛት ባለጸጎች አሉ። ቨርሞንት ከ15 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪናዎችን ያለ ታይትል ለማንም የአገሪቱ ነዋሪ በፖስታ ስትመዘግብ ኖራ በሩን ያጠበበችው በ2023 ነው። በወረቀት የሚታተመው የቴክሳስ ጊዜያዊ ታርጋም በሐሰተኞች እጅ ገብቶ በየግዛቱ ከተሠራጨ በኋላ፣ ግዛቱ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በብረት ታርጋ ተክቶታል።

ከ1901 ወዲህ ያለው ጉዞ የሚያስተምረው፣ በግዛቶች መካከል ያለ ጥርጣሬ ዋጋው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ እንደሚወድቅ ነው። ግዛቶች ታርጋን እርስ በርስ ባልተማመኑበት ዘመን ከፋዩ መንገደኛው ነበር፤ ታይትልን ባልተናበቡበት ዘመን ከፋዩ መኪናው የተሰረቀበት ሰውና የተታለለው ገዢ ነበሩ፤ ግብርን በእኩልነት ባልቆጠሩበት ዘመን ደግሞ ኑሮውን ለማሻሻል ግዛት የቀየረው ሠራተኛ ከፈለ። እያንዳንዱ ችግር የተቃለለው ግዛቶቹ ሥልጣናቸውን ትተው አይደለም፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ የሚያነብበትና የሚያምንበት መንገድ በመበጀቱ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ወጥ በሆነበት፣ መዝገቦቹም በተገናኙበት በዛሬው ጊዜ ከመጤው የሚጠየቀው ማስረጃ ብዙው በመዝገብ ቤቶቹ መካከል በቀጥታ ሊተላለፍ የሚችል ስለሆነ፣ ማረጋገጡን ወረቀት ተሸክሞ ከመስኮት መስኮት በሚንከራተተው ሰው ላይ መጫኑን መቀጠል በታሪክ የሚደገፍ ምክንያት አይገኝለትም። ግብሩንና ደኅንነቱን መጠበቅ የግዛት መብት ነው፤ የሁለት መዝገብ ቤቶችን ግንኙነት የማሟላቱ ግዴታ ግን የመዝገብ ቤቶቹ እንጂ የባለመኪናው ሊሆን አይገባም።